ገፋ፣ ሳብ፣ አዞር

የኔ የድሮ 80-200 ዙም ሌንስ ሞተር የላትም። ያላት አንድ ሰፊ ቀለበት ነው፤ ሲያዞሩት ፎከስ ያደርጋል፣ ሲገፉትና ሲስቡት ያቀርባል፣ ያርቃል። ሁሉም በአንድ እጅ!

የምወድላት ደግሞ ይሄን ነው፦ 200 ላይ የሰውን ሽፋሽፍት ጥርት አድርጌ ወደ 80 ስመለስ ፎከሱ ካለበት አይነቃነቅም። ብዙዎቹ የዛሬ ዙሞች ሲያርቋቸው ፎከሳቸው ይሸሻል፤ ሞተሩ ቶሎ ስለሚያስተካክለው ግን አናስተውልም።

ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ምስሉ ይነጣል። ወደ ታች ሳዘቀዝቃት ቀለበቱ በራሱ ይንሸራተታል። የእርጅና ነገር። መስታወት አልባ ካሜራ ላይ በአዳፕተር ስትገጠም ግን ስክሪኑ ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀለም ስለሚያሳይ ዓይኔ አርፏል። በፊልም ዘመን ኳስ ጨዋታ በእጅ ፎከስ ያነሱ የነበሩትን ሰዎች ሳስብ ይደንቀኛል።

ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም፣ የፎክትሌንደር ዙማር 36-82፣ የወጣው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን የሚያሳየኝ ሰው ካለ ቡና በኔ።

አሮጌ ዙም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩት። አቧራ ችግር የለውም፤ ሻጋታ ካለ ግን ተዉት።