ከቆዳው ይልቅ መርዙ

በገጠር ያደግን ሰዎች እባብ ስናይ በትር ፍለጋ መሮጥን የተማርነው ገና በልጅነታችን ነው። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ መተረታቸውም ፍርሀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ያስረዳል። ፍርሀቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ ተነድፈው ይሞታሉ። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ከዚህ ፍጡር ጋር ያሳለፈ የአንድ ሰው ታሪክ ስለ እባብም ስለ ሕግም የሚያስተምረን ነገር ስላለው፥ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍለው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሮሙሉስ ዊትከር በ1943 በኒው ዮርክ ተወልዶ፥ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ሕንድ አገር ሄደ። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተመልሶ፥ የእባብ መርዝ በማለብ ስመ ጥር ከነበረው ከቢል ሃስት ዘንድ ሙያውን ተማረ። ዳግመኛ ወደ ሕንድ መጥቶም፥ ዛሬ ቼናይ በምትባለው በማድራስ የእባብ መናፈሻ አቋቋመ። መናፈሻው በ1972 ወደ ከተማው ውስጥ ከተዛወረ በኋላ፥ ሕዝቡ መርዛሙን እባብ ከማይጎዳው ለይቶ ማወቅን ይማርበት ጀመር።

ለዊትከር ታላላቅ መምህራን የሆኑት ግን ኢሩላ የሚባሉት ድኾች አዳኞች ናቸው። እነርሱ የእባብን ዱካ ከአፈር ላይ ያነባሉ፤ ጕድጓዱን ቈፍረውም በባዶ እጃቸው ይይዙታል። መተዳደሪያቸው የእባብ ቆዳ ለነጋዴ መሸጥ ነበር። በ1972 የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ወጥቶ የቆዳው ንግድ ሲከለከል፥ እባቡ ከቢላዋ ቢድንም አዳኙ እንጀራውን አጣ።

በዚህ ጊዜ ዊትከር ከኢሩላዎች ጋር ሆኖ መላ ፈለገ፤ በ1978ም የእባብ አዳኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ በፈቃድ የተያዘው እባብ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ መርዙ በየጊዜው ይታለባል፤ ከዚያም በሆዱ ቅርፊት ላይ ምልክት ተደርጎበት ወደ ዱር ይለቀቃል። መርዙ ለመድኃኒት ፋብሪካ ይሸጣል። እዚያም በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይሰጥና፥ ፈረሱ በደሙ ውስጥ ከሚያበጀው መከላከያ የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት ይሠራል። ጐብኚም ከፍሎ አለባውን ይመለከታል፤ አስረጂው ራሱ ኢሩላው ነው።

የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት በ2018 ለዊትከር፥ በ2023 ደግሞ ቫዲቬል ጎፓልና ማሲ ሳዳያን ለተባሉ ሁለት የኢሩላ ሰዎች ሰጠ። ሥራው ግን አላለቀም፤ በ2020 የታተመ ጥናት በሕንድ በየዓመቱ 58,000 ያህል ሰዎች በእባብ መነደፍ እንደሚሞቱ ገምቷል።

በመሥሪያ ቤት ለምንውል ለእኛ «ክልክል ነው» ብሎ ማኅተም መምታት ቀላል ነው። ደኑ እንዳይጨፈጨፍ ከሰል አክሳዩን ስንከለክለው ልጆቹ ማታ ምን እንደሚበሉ ደብዳቤው አይነግረንም። ሕግ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የተከለከለው ሰው የሚያውቀው ሙያ ለሌላ በጎ ሥራ ሊውል ይችል እንደ ሆነ አስቀድመን ብንጠይቀው፥ ትላንት አጥፊ ያልነው ነገ ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል ኢሩላዎች አሳይተውናል።