ምሳ፣ መቀጮና ሽንት ቤት

በጎ አድራጎት ከንጹሕ ልብ ብቻ ይወለዳል ብሎ የሚያምን ሰው የሮታሪ ክለብን የትውልድ ታሪክ ባያነብ ይሻለዋል፤ ቅር ይለዋል። እኔ ግን አንብቤ ደስ አለኝ። የእናቴን የጽዋ ማኅበር ቺካጎ ውስጥ፣ ያውም ከረባት አስሮ አገኘሁታ!

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነበር። ቨርሞንት ውስጥ ዎሊንግፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አያቶቹ ዘንድ አደገ። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት፣ ሰላም ሳይባባሉ መተላለፍ ነውር የሆነባት ዓይነት ከተማ ናት። ሕግ ተምሮ ጥቂት ዞር ዞር አለና ቺካጎ ገብቶ ቢሮ ከፈተ። ደንበኛ አላጣም። ያጣው እሑድንና ዓመት በዓልን አብሮት የሚያሳልፍ ሰው ነው። በ1900 አንድ የሙያ ባልደረባው እራት ጋብዞት ሰፈሩን ሲያዞረው፣ ሰውዬው የሰፈሩን ባለሱቆች በየስማቸው እየጠራ ሲያስተዋውቀው አየ። ይህን የመሰለ ጉርብትና ከተማው መሐል ማምጣት ቢቻልስ? ሃሪስ ጥያቄውን አምስት ዓመት ሲያመላልሰው ቆየ።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ሐሙስ ማታ፣ ሲልቬስተር ሺል ከሚባል የከሰል ነጋዴ ወዳጁ ጋር አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት እራት በሉ። ከዚያ ዩኒቲ በሚባለው ሕንፃ ወደ 711 ቁጥር ቢሮ ወጡ። ቢሮው የማዕድን መሐንዲሱ የጉስታቭ ሎር ነው። አራተኛው ሃይረም ሾሪ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ጠበቃ፣ ከሰል ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ ልብስ ሰፊ! እኛ ሰፈር እነዚህን አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ያየ ሰው ዕቁብ ሊጥሉ ነው ማለቱ አይቀርም።

ግምቱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የክለቡ ደንብ ከየሙያው አንድ ሰው ብቻ ይግባ የሚል ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ ካለ ሌላ ልብስ ሰፊ ዝር አይልም። ጠበቃው ልብሱን ከአባሉ ያሰፋል፣ ልብስ ሰፊው ከሰሉን ከአባሉ ይገዛል፣ ሁሉም ሲጣላ ወደ አባሉ ጠበቃ ይሄዳል። እንዲያውም አባላት እርስ በርሳቸው ስንት ሥራ እንደተሰጣጡ የሚመዘግብ ሰው ሾመው ነበር። ስለ ድኻ፣ ስለ በሽተኛ፣ ስለ ወላጅ አልባ ልጅ የተነሣ ነገር የለም። ስብሰባውም በየአባሉ ቢሮ በተራ ይዞር ነበርና ሮታሪ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ዙር ነው።

እናቴ ይህን ብትሰማ፣ «ታዲያ ምኑ አዲስ ነው?» ትላለች። የእነሱ ማኅበር በየወሩ በተራ ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ ትጠብቃለች። ተበልቶና ተጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለዋ ተረኛ ጽዋውን ተቀብላ ትሄዳለች። ያረፈደ ይቀጣል፤ የቀረ የበለጠ ይቀጣል። ለመቅረት በቂ ምክንያት ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ መውለድ፣ ሌላው መሞት። ልዩነቱ የእነሱ በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም መሆኑና የቺካጎዎቹ ለጊዜው በከሰልና በሱፍ ስም መሰብሰባቸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ዕድር የተስፋፋውስ እንዴት ነው? ከየአገሩ መጥቶ፣ ዘመዱን ከኋላው ትቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በግንብ የተጎራበተ ሕዝብ ሲበዛ አይደል? ሃሪስ ያጣው አብሮት የሚበላ ሰው ነው፤ የእኛ ሰው የፈራው ቀባሪ ማጣትን ነው። ሁለቱንም የወለዳቸው ግን ከተማ ውስጥ ባይተዋር መሆን ነው። ደግነት በኋላ ነው የተጨመረው።

እንዴት እንደተጨመረም ይታወቃል። በ1906 ዶናልድ ካርተር የሚባል ጠበቃ አባል ሁን ተብሎ ተጠየቀ። ምን ትሠራላችሁ ብሎ ቢጠይቅ፣ እርስ በርስ መጠቃቀም መሆኑን ነገሩት። እንግዲያው አልገባም አለ፤ ለራሱ ብቻ የቆመ ክለብ ዕድሜ የለውም፣ ለከተማውም አንድ ነገር ይሥራ አለ። ሌላ ማኅበር ቢሆን «ድሮስ ማን ለመነህ» ተብሎ ይሸኝ ነበር። ሃሪስና ጓደኞቹ ግን፣ እንግዲያው ገብተህ ደንቡን አብረኸን አሻሽል አሉት። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐውልት የሚገባው ለካርተር ነው ባይ ነኝ። እምቢ ብሎ ከደጅ የቆመ አንድ ሰው ከውስጥ የተቀመጡትን ሁሉ አቅጣጫ አስቀየረ።

አንድ ነገር ለከተማው መሥራት አለብን ከተባለ በኋላ የመረጡት ምን ይመስላችኋል? ሆስፒታል አይደለም፣ ትምህርት ቤትም አይደለም። ሽንት ቤት ነው።

በ1907 የቺካጎ ሮታሪ ከከተማው ሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ በመሐል ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ይሠራ ብሎ ተነሣ። ተቃዋሚ ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ነበረ እንጂ! ቢራ ጠማቂዎቹ፣ ሰው በየመጠጥ ቤቱ መጸዳጃ ሞልቶለት የምን ሽንት ቤት ነው አሉ። ትልልቆቹ መደብሮችም እኛ ዘንድ አለ አሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሽንቱን ሊሸና ገብቶ ቢራ እንዲጠጣ፣ ሌላው ሽንቷን ልትሸና ገብታ ባርኔጣ እንድትገዛ ይፈልጋሉ። ሁለት ዓመት ያህል ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ተሠራ። ዛሬ በመላው ዓለም ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ድርጅት የመጀመሪያ ትልቅ የሕዝብ አገልግሎቱ ይኸው ነው። በየአጥሩ «መሽናት ክልክል ነው» እየተባለ የሚጻፍበት፣ የት መሽናት እንደሚፈቀድ ግን እምብዛም የማይጻፍበት ከተማ ነዋሪ እንደመሆኔ፣ ይህን ሳነብ ባርኔጣዬን አነሣሁላቸው።

አሁን ወደ ስብሰባው እንግባ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። አንድ ወዳጄ የሚገኝበት የሮታሪ ክለብ (ስሙ ይቆየን) በእንግዳ ተናጋሪነት ጠርቶኝ ያውቃል። ሆቴል ውስጥ ነው፣ የምሳ ሰዓት ነው። ደወል ተደወለ፣ ስብሰባው ተከፈተ፣ ስለ ንባብ ባህል ሃያ ደቂቃ እንድናገር ተፈቀደልኝ። ስለ ንባብ ባህል እየተናገርኩ አስተናጋጁ ጥብስ ይዞ በመካከላችን ሲያልፍ፣ የአድማጩ ዓይን ማንን ተከትሎ እንደሄደ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የአንዱ ስልክ ጮኸ፤ ተቀጣ። አንዲት ሴት ልጃቸው በመመረቋ ደስ ስላላቸው ገንዘብ ሰጡ። ልብ በሉ፣ እዚያ ቤት ያጠፋም ይከፍላል፣ የተደሰተም ይከፍላል። በመጨረሻ የጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው «የእኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብለው ጀመሩ። ከእኔ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔም የተሻለ ተናገሩ።

ይህ የእንግዳ ተናጋሪ ነገር ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ የደረስኩበት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዘመን አባላቱ በየተራ ስለ ገዛ ሥራቸው ይናገሩ ነበር። ግን ስለ ከሰል ስንት ጊዜ ማውራት ይቻላል? እንግዳ መጥራት የመጣው አባላቱ የየራሳቸውን ወሬ ሲጨርሱ ይመስለኛል። እንግዳም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ሃሪ ራግልስ የሚባል አታሚ ነበር፤ ከአራቱ ቀጥሎ የገባው እሱ ነው። አንድ ምሽት ተናጋሪው ጸያፍ ቀልድ ሊያወራ ሲዳዳው ራግልስ ብድግ ብሎ «ጎበዝ፣ እንዝፈን!» አለ ይባላል። በስብሰባ ላይ የመዘመር ልማዳቸው የመጣው ከራግልስ ነው። እኔ ስናገር ማንም አለመዝፈኑን እንደ ሙገሳ ቆጥሬዋለሁ።

ሌላው ልማዳቸው በስም መጠራራት ነው። የጥንቶቹ ክለቦች ባልደረባውን «ሚስተር» ብሎ የጠራውን አባል እስከ መቅጣት ይደርሱ ነበር። ወዳጆች አይደለንም ወይ ነው ነገሩ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ስትደርስ ደንቡ ትንሽ ይንገዳገዳል። እኔ በሄድኩበት ምሳ «ክቡር አምባሳደር»፣ «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «ጋሼ» ሳይባል ያለፈ አንድም ዐረፍተ ነገር አልነበረም። በቺካጎው ሕግ ቢሆን በዚያች አንድ ምሳ ብቻ የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ይከደን ነበር።

መቅረትም እንዲሁ ያስቀጣ ነበር። በተከታታይ አራት ስብሰባ የቀረ አባልነቱን ያጣ ነበር። መንገድ የወጣ ሰው በደረሰበት ከተማ ያለ ክለብ ገብቶ ምሳውን በልቶ ማካካስ ይችላል፤ የአዲስ አበባው አባል ናይሮቢ ላይ ቢገኝ እንደተገኘ ይቆጠርለታል። ይህ ጥብቅ ደንብ የላላው በ2016 ነው። እናቴ ግን አሁንም አላላችም።

የሴቶችን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ለክለቡ የሚያኮራ አይደለምና። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዱዋርቴ ከተማ ክለብ በ1977 ሦስት ሴቶችን ቢያስገባ ከዓለም አቀፉ የሮታሪ ማኅበር ተባረረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ቆይቶ በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘንድ ደርሶ ሴቶቹ ረቱ። የእኛ እናቶች ጽዋቸውን ሲያዞሩ ማንንም ዳኛ ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም።

ገንዘቡስ? በ1917 አርች ክላምፍ የሚባል የሮታሪ ክለቦች ማኅበር ፕሬዚዳንት በጎ ነገር የሚሠራበት ቋሚ ገንዘብ ይኑረን አለ። አጨበጨቡለት። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው መዋጮ ከካንሳስ ሲቲ ገባ፤ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም። እሱም ከጉባኤ ወጪ የተረፈ ነው። ብዙ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ለተገኘ ሰው ይህ ቁጥር እንግዳ አይሆንበትም። አዳራሹ ይከፈላል፣ ባንዱ ይከፈላል፣ ፎቶ አንሺው ይከፈላል፤ ከዚያ የተረፈው ለተቸገሩት ይሄዳል። ጨረታውን ግን አልነካም፤ ጨረታ እወዳለሁ። አንዱ ድፎ ዳቦ በሺህ ብር ይገዛና መልሶ ይሰጣል፣ ሌላው ጨምሮ ይገዛና እሱም ይመልሳል። ዳቦው ሲነጋ ደርቆ ይገኛል፤ ገንዘቡ ግን ገብቷል።

ታዲያ የ26 ዶላሩ ነገር እዚያው አልቀረም። በ1979 ፊሊፒንስ ውስጥ ሕፃናትን ፖሊዮ መከተብ ጀመሩ። በ1985 ለዓለም ሕፃናት ሁሉ ብለው 120 ሚሊዮን ዶላር ሊያሰባስቡ ተነሡና 247 ሚሊዮን አገኙ። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያሉበት ዘመቻ ሲጀመር ሮታሪ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች 350 ሺህ ያህል ልጆችን ሽባ ያደርግ ነበር። የሲያትል ነዋሪ የሆነው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊው ሮታሪያን ዕዝራ ተሾመ የአሜሪካ አባላትን እየሰበሰበ ለክትባት ወደ አገር ቤት ሲያመጣ ኖሯል። የኢንሹራንስ ሰው ነው። ሥራ ፈልገው የተሰበሰቡት የቺካጎ ነጋዴዎች ፈለግ ኢትዮጵያ ድረስ እንዲህ ባለ መንገድ ደረሰ። ሶማሌ ክልል በ2013 የገባው የፖሊዮ ወረርሽኝ የመጨረሻ ተጠቂ የተመዘገበው በ2014 መጀመሪያ ነው። በ2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተመሰከረ።

ስለዚህ በምሳው የሚስቅ ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም። ጥብሱም፣ ደወሉም፣ መቀጮውም ይኑር፤ ሰው ለደግነት ብቻ በየሳምንቱ ከቤቱ አይወጣም፣ ለወዳጁ ሲል ግን ይወጣል። ግን የአዲስ አበባ ክለቦችን፣ ሮታሪም ሁኑ ላየንስ፣ ዕድርም ሁኑ ማኅበር፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከሚቀጥለው የእራት ግብዣ በፊት ሜክሲኮ ወይም መርካቶ የታክሲ ሰልፍ አጠገብ አንድ ሽንት ቤት ሥሩ። ውኃ ይኑረው፣ በር ይኑረው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ጠባቂ ይኑረው። ስማችሁን በትልቁ ጻፉበት፤ ማንም አይቀየማችሁም።