ጥያቄያችንን ይዘን ሄደን፣ ይዘነው ተመለስን



ባለፈው ግንቦት አምስት ሴቶች ሆነን ስለ ዲጂታል ንግድ የተዘጋጀ ኮንፈረንስ ላይ ተገኝተን ነበር። ቦታው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። የአዘጋጁን ስም አንጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምንጽፈው። ያየነውን ዝም ብንል ግን በሚቀጥለውም ያው ይደገማል።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን እንንገራችሁ። አንዷ ጓደኛችን ከድሬዳዋ ቲማቲም ታስመጣለች። ሚያዝያ ላይ መኪናዋ ድንበር ላይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሁለት ቀን ቆመ። ወረቀቷ የተሟላ ነበር፤ ግን ኮምፒውተሩ ካልሠራ የሚያሳልፍ የለም። ጭነቱ ጅቡቲ ሲደርስ ሳጥኖቹ ከሥር ያንጠባጥቡ ነበር። ግማሹን ደፋነው፣ ግማሹን ምግብ ቤቶች በወረደ ዋጋ ወሰዱት። የዚያን ወር እቁቧን የጣልንላት እኛ ነን።

ስለዚህ ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ ሲስተም ሲቋረጥ የሚበላሽ ዕቃ በወረቀት እንዲያልፍ የሚፈቅደው ማን ነው? ከስንት ሰዓት በኋላ? ይህንኑ በፈረንሳይኛ አስጽፈን፣ አነባበቡን አብረን አጥንተን ሄድን።

ጥሪው ጠዋት 2 ሰዓት ይላል። የክብር እንግዳው አልደረሱም ተብሎ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተጀመረ። ማሕሙድ ሃርቢ አደባባይ ገበያ የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚህ ከተማ ገበያው ጠዋት ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ጫቱም ሲገባ ሁሉም ወደየቤቱ ይከተታል። ጠዋቱን ያጣ ቀኑን አጣ።

መድረኩ ላይ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ማይክ ሁለት ነው። አወያዩ እያንዳንዱን ከነትምህርቱና ከነሥራ ልምዱ ሲያስተዋውቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ብሎክቼይን ሰማን፤ ሰማን ከተባለ። ንግግሩ በሙሉ በፈረንሳይኛ ነበር። ጆሮ ማዳመጫ በየወንበሩ ተቀምጧል፣ አስተርጓሚው ግን አልመጣም። አዳራሹ ውስጥ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና አማርኛ ተናጋሪ ሞልቶ ነበር። ዋይፋዩም አልሠራም። እስያን፣ አውሮፓንና አፍሪካን የሚያገናኙ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ወደ የብስ የሚወጡት በዚችው ከተማ ነው፤ እኛ ግን የኮንፈረንሱን ፕሮግራም በስልካችን መክፈት አቃተን።

አንዱ ተናጋሪ አነስተኛ ሴት ነጋዴዎች የኢኮኖሚው የጀርባ አጥንት ናቸው አሉ። ተጨበጨበ። የጀርባ አጥንቶቹ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርን። ከሰባቱ ተናጋሪዎች አንድም ነጋዴ አልነበረም።

ለጥያቄ የተመደበው ሠላሳ ደቂቃ ወደ አምስት ወረደ። ሁለት ሰዎች ማይኩን ይዘው ጥያቄ ሳይሆን ንግግር አደረጉ። ጓደኛችን እጇን እንዳነሳች «ምሳ ደርሷል» ተባለ። በመጨረሻ የፈለጉን ለፎቶ ነው፦ «ሴቶቹ ፊት ይቁሙ!» ቆምንላቸው። እሷ ወረቀቷን እንደያዘች ነው የተነሳችው።

ኮሜርስ ዲፕሎማችንን ስንማር ስለ አጀንዳና ቃለ ጉባኤ አዘገጃጀት ተምረን ነበር። ስብሰባ ሲያልቅ ምን ተወሰነ፣ ማን ይፈጽመዋል፣ እስከ መቼ የሚል ካልቀረ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ከዚያ አዳራሽ ይዘነው የወጣነው ቦርሳና እስክሪብቶ ነው።

ቴክኖሎጂ አንጠላም። እንዲያውም ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ ያልፋል። ኢትዮጵያ የንግድ ፈቃድና ሰነድ በአንድ መስኮት የሚያልቅበትን ኤሌክትሮኒክ አገልግሎት በ2012 ጀመረች፤ ቴሌብር በ2013 መጣ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ ነው፤ የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ አንድ ዶላር በ177 ከምናምን እንደታሰረ ነው። በዚህ መካከል ዋጋ ተምነን፣ ዱቤ ሰጥተን፣ ሰነድ አሟልተን የምንኖረው እኛ ነን። ጉባኤው ቢሠራ ኖሮ የሚጠቅመው እኛን ነበር።

በቀጣዩ ዓርብ፣ ሱቅ በማይከፈትበት ቀን፣ አንዳችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰባሰብን። አንድ ወጣት ትራንዚተር ጠራን፤ አማርኛም ሶማልኛም ፈረንሳይኛም ይናገራል። ፕሮጀክተር የለም፣ ማይክ የለም። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ መልስ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። የጓደኛችንን ጥያቄ ሙሉ መልስ እሱም አልነበረውም፤ ግን ምን ማድረግ እንደሚሻል ነገራት፦ መኪናው የደረሰበትን ሰዓት በጽሑፍ ያዢ፣ የጭነቱን ፎቶ አንሺ፣ አቤቱታሽን በዕለቱ አስገቢና ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብዪ። ጥያቄውንም በደብዳቤ አድርገን፣ አምስታችን ፈርመን፣ በሁለቱም በኩል ለሚመለከታቸው አስገብተናል።

ለወደፊት አዘጋጆች የምንለው አጭር ነው። በሰዓቱ ጀምሩ። አስተርጓሚው ሳይመጣ በሩን አትክፈቱ። ጥያቄያችንን ከሳምንት በፊት ተቀበሉና ተናጋሪው መልሱን ይዞ ይምጣ። መድረኩ ላይ አንድ ወንበር ዕቃው ድንበር ላይ ቆሞበት ለሚያውቅ ሰው ይሁን።

ለደብዳቤው እስካሁን መልስ አልመጣም። የጓደኛችን ቲማቲም ግን ይህን ስንጽፍ እንደገና መንገድ ላይ ነው።