እርሳሱ የቀረበት መጽሐፍ

ሕልም እውን ሲሆን የሚያሳይ ልብ ወለድ ለወጣቶች ሲጻፍ በአብዛኛው የሚሰናከለው ሕልሙ እውን በመሆኑ ሳይሆን በነጻ እውን በመሆኑ ነው። ባለታሪኩ ይተኛል፤ ይመኛል፤ ሲነቃ የተመኘውን ከራስጌው ያገኘዋል። ምኞትና ፍጻሜው እንዲህ ከተጠጋጉ በመካከላቸው ታሪክ የሚበቅልበት ስንዝር መሬት አይተርፍም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ካትሪን ስቶር ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ «ማሪያንና ማርክ» የተባለው መጽሐፏ አንባቢን ቅር የሚያሰኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1958 ለታተመው «ማሪያን ታልማለች» ተከታይ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የዐሥር ዓመቷ ማሪያን ታማ ለብዙ ሳምንታት አልጋ ላይ ትውላለች። ከቅድመ አያቷ የስፌት ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ እርሳስ አግኝታ ቤት ትሥላለች፤ ሌሊት በሕልሟ ከዚያው ቤት ደጃፍ ቆማ ራሷን ታገኛለች። በሩን የሚከፍትላት ሰው የለምና በማግስቱ በመስኮቱ ላይ አንድ ልጅ ትሥላለች። ይሁን እንጂ ልጁ መውረድ አይችልም፤ ደረጃ አልሣለችለትምና። ይህ ልጅ ማርክ ነው፤ ማርክም ሕልም ብቻ አይደለም። ማሪያንን ቤቷ ድረስ እየመጣች የምታስተምረው መምህርት የምትረዳው፣ በፖሊዮ የተጎዳ የእውን ልጅ ነው።

የመጽሐፉ ኃይል ከዚህ በኋላ ይገለጣል። ማሪያን ለመምህርቷ ያዘጋጀችው ጽጌረዳ ማርክ በላከው ትልቅ እቅፍ አበባ ተሸፈነባት። በቅናት ተነሣሥታ በሥዕሉ መስኮት ላይ ወፍራም መስመሮች ትሰነጥራለች፤ በግቢው ዙሪያ ላሉት ድንጋዮችም ዓይን ታበጅላቸዋለች። በሕልሙ መስመሮቹ የእስር ቤት ፍርግርግ፣ ድንጋዮቹ ሌሊትና ቀን የማይተኙ ዘበኞች ይሆናሉ። በእውኑ ዓለም ደግሞ ማርክ ታሞ፣ ሰውነቱን እስከ አንገቱ በሚውጥና በሚያስተነፍስ የብረት መሣሪያ ውስጥ መግባቱ ይሰማል። ላጲስ የእርሳሱን ምልክት አያጠፋውም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ይህች ልጅ ግን ሕልሙን የምትፈታ ብቻ ሳትሆን ቀን ቀን የምትጽፈውም ናት፤ የጻፈችውንም መሰረዝ አይቻላትም። ደራሲዋ ሐኪም መሆኗ፣ በብሪታንያ የፖሊዮ ክትባት መሰጠት የጀመረውም መጽሐፉ ከመታተሙ ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ሲታሰብ፣ በዘመኑ የነበሩ ወላጆች እነዚያን ገጾች በምን ዓይነት ልብ እንዳነበቧቸው መገመት አያዳግትም።

መጨረሻው ያልተዘጋ ነው። ሁለቱ ልጆች ከቤቱ አምልጠው ከባሕር ዳር መብራት ቤት ይደርሳሉ፤ ማርክ በሄሊኮፕተር ቀድሞ ይሄዳል፤ ማሪያን ትጠብቃለች። አንባቢም አብሯት ይጠብቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣለት መልስ ሌላ ነው። ማሪያን ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ በብራይተን የባሕር ዳር ከተማ የዕረፍት ጊዜዋን ታሳልፋለች፤ ብቸኝነት ያስቸግራታል፤ የወጣትነት ሐሳብ ይይዛታል። እርሳሱ የለም። በፍትሕ ለመናገር፣ የልጅቱ ብቸኝነት በጥሩ እጅ የተሣለ ነው፤ ደራሲዋም ተአምሩን ትታ ወደ ዕለታዊ ኑሮ መምጣቷ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በሕልም የተገናኙት ሁለቱ በሥጋ ሲገናኙ አንባቢ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ አንድ ጊዜ በእልህ ሠንጥራ ልትገድለው የቀረበችውን ልጅ ፊት ለፊት ስታየው ምን ትለዋለች? መጽሐፉ ክብደቱን በዚህ ዕዳ ላይ አያሳርፍም። በሌላ አነጋገር ማርክ እውን ሆነ፤ በደሉ ግን ሕልም ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1939 የተሠራው «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም፣ ፍራንክ ባውም በ1900 እውነተኛ አገር አድርጎ የጻፈውን ምድር ራሷን የተመታች ልጅ ሕልም አድርጎት ነበር። የሆሊዉድ ሰዎች ቢያንስ ይህን በግልጽ ተናግረዋል፤ «ማሪያንና ማርክ» ግን ምንም ሳይል ያልፈዋል።

በርናርድ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1988 «የወረቀት ቤት» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ የተመለሰው ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ ነው። የልጅቷን ስም አና ብሎ ለውጦታል፤ ቤቱን፣ መስኮቱንና በመስኮቱ የሚታየውን መራመድ የማይችል ልጅ ግን እንዳሉ ወስዷቸዋል።