ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ክልከላ

በሀገራችን አንድ ነገር ባስቸገረ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው መከልከሉ ነው፤ ማስተማሩ ትዝ የሚለን፣ ያውም ከታወሰን፣ ዘግይቶ ነው። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ሲታገድ የቀረበው ምክንያት ቅሚያና ዝርፊያ ነበር። ምክንያቱን ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ በሞተር የመጣ ሌባ ስልኩን ከእጁ የነጠቀው ሰው ጥቂት አልነበረም። ሆኖም በዚያ ሰሞን ከሰማሁት ክርክር ሁሉ፣ ከደጋፊውም ሆነ ከተቃዋሚው ወገን፣ «ለመሆኑ እነዚህ ሁሉ ወጣቶች መንዳትን ከማን ተማሩት?» ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ጥያቄውን ዛሬ የማነሣው ለንድፈ ሐሳብ ያህል አይደለም። ይህ ጸሐፊ አርባ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ሞተር ሳይክል መንዳት ተምሯል። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው። ከተማዋን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ የላይኛው ሴቻና የታችኛው ሲቀላ በቁልቁለት መንገድ የተያያዙ ሁለት ከተሞች ያህል ናቸው። ቤቴ በአንዱ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት በሌላው ነው። የመምህር ደመወዝና የባጃጅ ሒሳብ ወሩን አብረው መዝለቅ ሲያቅታቸው፣ አንድ ያገለገለ ባለ 100 ሲሲ የህንድ ቦክሰር ገዛሁ። ባለቤቴ ሐሳቡን በሰማች ጊዜ አልተቆጣችም፤ «ሁለት ልጆች እንዳሉህ አትርሳ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ቢቆጡን ይሻላል አንዳንዴ።

ስለ ተመዘገብኩበት ማሠልጠኛ ብዙ አልልም። የመንገድ ምልክቶች በቃል ተጠኑ፣ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ ቆርቆሮዎች መካከል ጥቂት ጊዜ ተዞረ፣ ፈተናው ተሰጠ፣ መንጃ ፈቃዱ መጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አልሄድንም፤ ድንገት ማቆምን የሚያሳየን አልነበረም። ሲጠቃለል፣ መንግሥት በፊርማና በማኅተም «ይህ ሰው ይችላል» ብሎ መሰከረ፤ ሰውየው ግን ገና አልቻለም።

እውነተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ከአንድ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው። ዕድሜው ከተማሪዎቼ አይበልጥም። በመጀመሪያው ጠዋት ኳስ ሜዳ ይዞኝ ሄደና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«ዶክተር፣ ዛሬ አይነዱትም፤ ይገፉታል» አለኝ።

«ለምን?»

«ክብደቱን ሳያውቁት ከወጡበት እሱ ነው የሚነዳዎት።»

ገፋሁት። አዞርኩት፣ ወደ ጎን አዘንብዬ መለስኩት፣ እየገፋሁ የፊት ፍሬኑን በቀስታ ያዝኩ። በማግሥቱ ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ነዳጅ መስጫውን እንዳልነካ ተከለከልኩ። (ክልከላም አንዳንዴ ቦታ አለው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ትምህርት ተከትሎት መምጣቱ ነው።) ሥራው ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ እየለቀቁ መያዝ የሚጀምርበትን ነጥብ መፈለግ ብቻ ነበር። ነጥቡ ሲገኝ ሞተሩ በራሱ ጉልበት በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል፤ እጅ ትንሽ ጨበጥ ሲያደርግ ይቆማል። ጀማሪ የሚወድቀው በአብዛኛው በፍጥነት ሳይሆን በዚህ ቦታ ነው፤ ደንግጦ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ይለቅና ነዳጅ መስጫውን ለመደገፊያ ብሎ ይጨብጠዋል፤ የጨበጠው እጅ ወደ ኋላ ሲሳብ ደግሞ ነዳጅ ይሰጣል። ልጁ መድኃኒቱን በአንድ ቃል ነገረኝ፦ ሲደነግጡ የግራ እጅዎን ይጨብጡ። ፍሪሲዮን ከተያዘ ጎማው ከሞተሩ ጉልበት ይላቀቃል።

ሦስተኛው ቀን የፍሬን ነበር። በሀገራችን «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚል እምነት ሥር የሰደደ ስለሆነ ብዙ ነጂ የሚያቆመው በኋላ ፍሬን ብቻ ነው። እምነቱ መሠረት አለው፤ አሸዋ ላይ ወይም ጎማው ተጣሞ ሳለ የፊት ፍሬንን ድንገት የጨመደደ ይወድቃል። ነገር ግን ተሽከርካሪ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልልና ትንሽ ሲረገጥ ይንሸራተታል፣ የፊተኛው ደግሞ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ አብዛኛው የሚገኘው ያ ከሚፈራው ፍሬን ነው። ብልሃቱ አያያዙ ላይ ነው፦ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱንም ፍሬን በአንድ ላይ፣ የፊቱን እንደ ሎሚ ጭመቃ እያጠበቁ መሄድ። ይህን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ደጋግሜ ተለማምጃለሁ፤ ዛሬም ወር በገባ ቁጥር እሁድ ጠዋት ሜዳ ወጥቼ እለማመደዋለሁ።

የሒሳቡ ነገር ደግሞ አለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። አደጋውን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ ገና ፍሬን ሳይነካ 11 ሜትር አለፈ፤ ጥሩ ይዞ ለመቆም ሌላ 10 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱን ወደ 80 ቢያሳድገው የመጀመሪያው እጥፍ ሲሆን ሁለተኛው አራት እጥፍ ይሆናል፤ በድምሩ ከ60 ሜትር በላይ። ከሴቻ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርገው የሚንሸራተቱ ብዙ ናቸው፤ የነዳጅ ዋጋ ከየት ወዴት እንደ ደረሰ ስለማውቅ አልፈርድባቸውም፤ ግን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ቢወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዝላቸው ነበር፤ ፍሬኑም ከመጋል ይድን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በዝርዝር መርምሮ ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ሆነው ተገኙ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተፈጠሩት ግጭቶች ደግሞ ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ የከለከለው የሌላኛው ተሽከርካሪ ሾፌር ነበር፤ ነጂው ለማምለጥ የሚያገኘው ጊዜም በአብዛኛው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ባጃጅ ሳይ፣ ፍሬቻ ቢያበራም ባያበራም፣ ፊቴ ላይ እንደሚዞር ቆጥሬ ጣቶቼን ፍሬኑ ላይ አሳርፋለሁ። ከፍየሉና ከዝንጀሮው ይልቅ የማስበው ባጃጁን ነው፤ ፍየሉ ቢያንስ አይቶኝ ይደነግጣል።

ወደ ሄልሜት ልምጣ። «የዓረቢያው ሎውረንስ» እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወደቀ፤ ስድስት ቀን ራሱን ስቶ ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ነገሩን አልተወውም። በሞተር ሳይክል ነጂዎች የጭንቅላት ጉዳት ላይ ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1941 ታተመ፤ የብሪታንያ ጦር ሞተረኞቹን ሄልሜት ያስገደደው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ለሲቪሉ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ እንደሚለው በአግባቡ የተደረገ ጥሩ ሄልሜት የመሞትን ዕድል ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

«በአግባቡ» የምትለው ቃል ናት ዋናዋ። በእኛም ሀገር ሕጉ አለ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀትም አለ። ስለዚህ ሄልሜቱ ትራፊክ እስኪታይ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲታይ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፤ ማሰሪያው ግን አይታሰርም። ያልታሰረ ሄልሜት ከባለቤቱ ቀድሞ ይወድቃል። በዚህ ከተማ በቆየሁባቸው ዓመታት በሞተር አደጋ የሞቱ ሁለት ተማሪዎቼን ቀብሬያለሁ። የአንደኛው ሄልሜት አንዲት ጭረት ሳይነካው ለእናቱ ተሰጣት። ለቅሶ ላይ አጠገቧ አስቀምጣው ነበር፤ ማንሣት የደፈረ አልነበረም። ልጁ የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ሲሆን ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት ከእኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። የመንዳት መምህሩ የአጎቱ ልጅ ነበር፤ ያሳየውም ማስነሣትና መሄድ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሜዳ አላቸው፣ የምሕንድስና ክፍል አላቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚፈታ መምህርም አያጡም። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና የሚጠይቀው ወጪ፣ እኔ ስገምተው፣ አንድ ባለ ሰንደቅ ዓላማ ዐውደ ጥናት ለሻይና ለውሎ አበል ከሚያወጣው አይበልጥም። ሐሳቡን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። እስካሁን ያገኘሁት መልስ ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክል እንዳይገባ ስለመከልከል የወጣ ማስታወቂያ ነው።

እኔ ግን በነጭ ኖራ መስመር ያሰመርኩባትን ሜዳ አልተውኩም። ባለፈው እሁድ አራት ተማሪዎች መጥተው ነበር፤ ቁልፋቸውን ተቀብዬ ሲያስገፋቸው የዋልኩ እኔ ሳልሆን ያ ጠጋኝ ነው። ትንሿ ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ እኔን የምትጭነኝ መቼ ነው?» ማለቷን አላቆመችም። ለሷ ጭንቅላት የሚሆን ሄልሜት ሲቀላም ሴቻም ፈልጌ አጣሁ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ጭንቅላቷን በክር ለክቼ ልኬውን ይዞ ሄዷል። እስኪመጣ ድረስ በባጃጅ ትሄዳለች።