መንግሥት «ክርስቲያን ነኝ» ሲል ማን ይጠቀማል?

አንድ መንግሥት በሕግ «ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ማወጁ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው ክርክር ዛምቢያ ጥሩ መማሪያ ናት። የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በ1991 ኬኔት ካውንዳን በምርጫ አሸንፈው ሥልጣን ያዙ፤ ዓመቱ ሳይወጣም ዛምቢያ የክርስቲያን አገር መሆኗን አወጁ። በ1996 ይኸው ዐዋጅ በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ሰፈረ። ብዙ ወንጌላውያን አማኞች በደስታ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስመረምር ግን ዐዋጁ የጠቀመው ቤተ ክርስቲያንን ሳይሆን ቤተ መንግሥትን ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤተ ክርስቲያን በዛምቢያ ለመደመጥ ዐዋጅ አላስፈለጋትም። ከምርጫው በፊት፣ በ1991 አጋማሽ፣ ካውንዳና ቺሉባ ሲፋጠጡ በሉሳካው የአንግሊካን ካቴድራል አገናኝተው ያነጋገሯቸው የሃይማኖት መሪዎች ናቸው፤ ለዚህ ያበቃቸውም የማንም ወገን አለመሆናቸው ነው። በአንጻሩ የአገሪቱን ክርስቲያንነት የመሰከረው የ1996ቱ ሕገ መንግሥት፣ ወላጆቹ በትውልድ ዛምቢያዊ ያልሆኑ ሰው ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ከለከለ። በዚህም ቤተሰባቸው ከማላዊ የመጣው ካውንዳ ከውድድር ውጭ ሆኑ። በ2001 የቺሉባ ደጋፊዎች እሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ እንዲወዳደሩ ሕገ መንግሥቱን ለማስቀየር ሲነሡ፣ የካቶሊክ ጳጳሳት፣ የወንጌላውያን ኅብረትና የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከሕግ ባለሙያዎችና ከሴቶች ማኅበራት ጋር «ኦአሲስ ፎረም» የተባለውን ጥምረት መሥርተው ተቃወሙ። ቺሉባም በሜይ ወር ሐሳቡን መተዋቸውን አስታወቁ። ዐዋጁ ያልገታውን ሥልጣን ነጻ የሆነ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ገታው።

«የአንድ ሰው ጥፋት በዐዋጁ አይላከክም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዐዋጁ ባለሥልጣንን መግራት ካልቻለ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? «አማኝ እምነቱን ቤቱ ትቶ ወደ ፖለቲካ ይግባ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። አይተውም፣ ሊተውም አይገባም። የኦአሲስ ፎረም ጳጳሳትና ፓስተሮች እምነታቸውን አደባባይ ይዘው የወጡ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ እነሱ በእምነታቸው ሥልጣንን መመዘናቸው ነው፤ ዐዋጁ ግን ሥልጣንን እምነት ያለብሳል። «ሕገ መንግሥቱ የሌሎችንም የእምነት ነጻነት ያከብራል» ለሚሉም መልስ አለ፦ መብቱ መጻፉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሙስሊሙና ሂንዱው ዛምቢያዊ በገዛ አገሩ ሕግ መግቢያ ላይ እንግዳ ሆኖ መቆጠሩ አይቀርም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አንድ ፓርቲ ወይም መሪ በእምነታችሁ ስም ድምፃችሁን ሲጠይቅ፣ ስለ ፍርድ ቤት ነጻነት፣ ስለ ሥልጣን ገደብና ስለ ሕዝብ ገንዘብ ምን እንዳቀደ ጠይቁት። የእምነት አባቶቻችሁም ከቤተ መንግሥት ማዕድ ርቀው፣ ለመገሠጽ ነጻ ሆነው እንዲኖሩ አግዟቸው።