ሰማያችን ሐምራዊ ሆኖ መጣ

ካርቶኑን የከፈትነው ደብረ ማርቆስ፣ እትዬ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ነው። ውስጡ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ 500 የልጆች መጽሐፍ አለ። ታሪኩን የጻፉት እትዬ ናቸው፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናቸው። ሥዕሉ የኔ ነው። የማሳተሚያው ብር ደግሞ የእትዬ የሁለት ዙር ዕቁብ። የመጀመሪያውን ቅጂ አንስተው ገለጡ፣ ገለጡ፣ ዝም አሉ። እኔም አየሁት። ከጮቄ ተራራ በላይ የሳልኩት ሰማይ ሐምራዊ ሆኗል።

«ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለስ ይሆን?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ላይ ልጮህ ደወልኩ። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝና «ወንድሜ፣ የላክኸውን ነው ያተምነው» አለኝ። ተናድጄ ዘጋሁት። ማታ ፋይሌን ከፍቼ ሳየው ግን እውነቱን ነው።

ታብሌት ላይ የማየው ቀለም ብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ተደባልቆ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ አርጂቢ የሚባለው ይኼ ነው። ወረቀት ግን አያበራም። ማተሚያው ያለው ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነው፤ ሲኤምዋይኬ። አራቱ በየራሳቸው ፕሌት፣ በጥቃቅን ነጥብ እየተደራረቡ ይታተማሉ። ስክሪን ላይ ያሉ አንዳንድ ቀለሞች ወረቀት ላይ ቦታ የላቸውም። ፋይሉ ሲለወጥ ፕሮግራሙ የሚቀርበውን ይመርጥልሃል፤ ያውም ሳይጠይቅህ። የኔ ደማቅ ሰማያዊ ሲለወጥ ሲያኑና ማጀንታው ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። ሁለቱ ሲተካከሉ ደግሞ ሐምራዊ ነው የሚሰጡት። የነሐሴው የገብስ ማሳ አረንጓዴም ደብዝዞ የደረቀ ሣር መሰለ። የተረፈችው አደይ አበባ ብቻ ናት። ቢጫ ራሱን የቻለ ቀለም ስለሆነ ማንንም ሳትለምን ደምቃ ወጣች።

አጎቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ሁለት የቀለም ቀንድ አላቸው፤ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለቀይ። ታብሌቴን ያሳየኋቸው ቀን «ይኼ ሁሉ ቀለም የት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ሲጠይቁኝ ስቄባቸው ነበር። ለካ ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ማተሚያ ቤቱም ያለው አራት ቀንድ ብቻ ነው።

ከሰማዩ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ፊደሉ ነው። ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ ለጥፌ አንድ ምስል አድርጌ ስለላክሁት ጥቁሩ ከአራቱም ቀለም ተሠራ። አንዱ ፕሌት የፀጉር ያህል ፈቀቅ ሲል ደግሞ በየፊደሉ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ወጣ። ለአዋቂ ምንም አይደለም፣ ገምቶ ያነባል። ገና ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ግን ሉ እና ሊን የሚለያቸው የአንዲት ቅጥያ ቦታ ናት፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ አንዷ እግር ላይ። እኛ ያንን አደብዝዘን ነው «አንብቡ» ያልናቸው።

እትዬ ገንዘቡን አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔ ግን በመንገድ ሳገኛቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ። አንድ ዓመት የሰርግ ጥሪ ካርድ ሠርቼ ለሁለተኛው ህትመት አጠራቀምኩ፤ ሥዕሉንም እንደገና ጀመርኩት።

እንደገና ስል ከዜሮ ነው። መጽሐፉ 21 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው። የመቁረጫው ቢላ ቢስት ነጭ መስመር እንዳይቀር ሥዕሉ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ መሄድ አለበት፤ 21.6 ሆነ ማለት ነው። በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ሲታሰብ አንዱ ጎን 2,551 ገደማ ይመጣል። የኔ ሥዕሎች 1,500 ነበሩ። ምስሉን መለጠጥ ይቻላል፤ ያልተሳለውን ፀጉርና ሣር ግን ከየት ያመጣዋል? ጅቡ የሚመጣበት የሌሊት ገጽም ሌላ ጣጣ ነበረው። አራቱ ቀለም ሲደመሩ ከ300 በመቶ በላይ ሆነው ስለተከመሩ ቀለሙ ሳይደርቅ በላዩ የተደረበውን ወረቀት አቆሸሸ። በጥቁር 100፣ ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40 ቀየርኩት፤ ሌሊቱ ሌሊት ለመሆን ይኼ በቂው ነበር። ፊደሉን ከሥዕሉ አውጥቼ በጥቁር ብቻ አደረግሁት።

ሰማዩ ላይ ብዙ ቀን ቆየሁ። ማጀንታውን ከሲያኑ ቢያንስ 30 በመቶ ዝቅ ሳደርገው ሐምራዊነቱ ጠፋ፤ ያ የሚያበራው ሰማያዊም አብሮ ጠፋ። አረንጓዴውን የፈለገውን ያህል ብገፋው አልደምቅ ሲል ዙሪያውን የታረሰ መሬት ቡኒ አለበስኩት፤ ያኔ ከጎኑ ሆኖ አረንጓዴ መሰለ። ማታለል ነው ካላችሁ ማታለል ነው።

በዚህኛው ጊዜ ፋይል ልኬ አልተቀመጥኩም። 300 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ሄጄ ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። ኦፕሬተሩ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች እያወጣ ማጉያ መነጽር ሰጠኝ። ሰማዩ ውስጥ ሰማያዊ የለም። ሲያን ነጥብ፣ ማጀንታ ነጥብ፣ በመሀል ነጭ ወረቀት። «ማጀንታውን ትንሽ ቀንስልኝ» አልኩት። ቁልፉን ነካ ነካ አደረገና ሌላ አወጣ። ፈረምኩበት።

አንዱን ወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ። አውቶቡሱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ መስኮቱ ላይ ዘርግቼ ከውጭው ሰማይ ጋር አስተያየሁት። አይገናኙም።

እትዬ ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አድርገው በር ላይ፣ ብርሃን ላይ ወጡ። ወረቀቱን አዩት፤ ቀና ብለው ጮቄ ያለበትን አቅጣጫ አዩ።

«ትንሽ ደመና አለበት» አሉ።

«አዎ።»

«ይሁን፤ ክረምት ነው» ብለው ቡና ሊያፈሉ ገቡ።